የከዳያን ቋንቋ ተነባቢ ድምፆችን በጆሮ መለየትና በአፍ ማውጣት፦ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ከዳያኖች በቦርንዮ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ የሚኖሩና በሩዝ እርሻቸው የሚታወቁ ሕዝብ ናቸው። መኖሪያቸው በአንድ አገር ድንበር የታጠረ አይደለም፤ በብሩናይ፣ በማሌዢያዋ የላቡዋን ደሴት፣ በሳባህ ግዛት በሲፒታንግና በቦፎርት አካባቢ፣ በሳራዋክ ግዛት ደግሞ በላዋስ፣ በሊምባንግና በሚሪ ዙሪያ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የብሩናይ የዜግነት ሕግ የማላይ ወገን አድርጎ ከዘረዘራቸው ሰባት ነባር ሕዝቦች መካከል አንዱ ከዳያኖች ሲሆኑ፣ የአገሪቱ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ቢሮ በብሩናይ ውስጥ ብቻ ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰዎች ቋንቋውን እንደሚናገሩ ይገልጻል። የከዳያን ቋንቋ ከብሩናይ ማላይ (በብሩናይ ከሚነገረው የማላይ ቋንቋ ዘዬ) ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ አብዛኛው ቃል የጋራ ነው፤ ሁለቱም አናባቢዎቻቸው ሦስት ብቻ ናቸው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚሰማው በተነባቢዎች ላይ ስለሆነ ቋንቋውን ለመማርም ሆነ ለማጥናት የተነሣ ሰው ከዚያ ቢጀምር ይጠቀማል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ደስ የሚያሰኘው ነገር ከአንድ ድምፅ በስተቀር ሁሉም ተነባቢዎች በአፉ ውስጥ ቀድመው መኖራቸው ነው። ስለዚህ ድካሙ አዲስ ድምፅ በመፍጠር ላይ ሳይሆን የታወቀውን ድምፅ ባልለመድነው ቦታ፣ ማለትም በቃል መነሻ ወይም በቃል መድረሻ ላይ በማቆም ላይ ይውላል። ይህን ያልተረዳ ተማሪ የድምፆቹን ዝርዝር በአንድ ቀን ያጠናና ቋንቋውን የቻለው ይመስለዋል፤ ከተናጋሪ ጋር ሲገናኝ ግን የቃላት መጨረሻ ሁሉ ያመልጠዋል።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልገው ቋንቋውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚናገር ሰው፣ ጥሩ የድምፅ መቅጃ ያለው ስልክና አንድ ደብተር ነው። ተናጋሪው ቢቻል በቤቱ ከዳያን የሚነጋገር በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ይሁን፤ በብሩናይ የትምህርትና የቢሮ ቋንቋ መደበኛ ማላይና እንግሊዝኛ በመሆናቸው ወጣቱ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲነጋገር ወደ ማላይ ማዘንበሉ የተለመደ ነው። ድምፁን ከመቅዳትዎ በፊት ፈቃዱን ይጠይቁ፤ ቅጂው ለምን እንደሚውል፣ ማን እንደሚሰማውም በግልጽ ይንገሩት።

ከዚህ በታች ለልምምድ የማቀርባቸው ቃላት፣ ስለ ር ድምፅ ከምጠቅሰው በስተቀር፣ ከማላይ የጋራ የቃላት ሀብት የተመረጡ ናቸው። ሁሉንም ማለት ይቻላል የመረጥኋቸው በሦስቱ አናባቢዎች፣ ማለትም በራብዕ፣ በሣልስና በካዕብ ብቻ የሚጻፉ በመሆናቸው ነው። መደበኛው ማላይ የኛን የግእዝ አናባቢ የሚመስል አጭር ድምፅ ሲኖረው፣ በብሩናይ አካባቢ ያ ድምፅ ወደ ራብዕ ይለወጣል፤ የሕዝቡ ስም ራሱ አንዳንዴ ከዳያን፣ አንዳንዴ ካዳያን የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። እያንዳንዱን ቃል ከከዳያን ተናጋሪዎ አፍ ሰምቶ ማረጋገጥ የሥራው ዋና ክፍል ስለሆነ፣ ዝርዝሩን ተሸምድዶ እንደሚያልቅ ትምህርት ሳይሆን እንደ መጠይቅ ይያዙት።

በደብተርዎ ላይ በግእዝ ፊደል መጻፍ ይችላሉ፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። የላቲኑ አጻጻፍ የእንግሊዝኛን ንባብ ስለሚጎትት ጆሮን ያሳስታል፤ ለምሳሌ በማላይ አጻጻፍ «ሲ» የተባለው የላቲን ሆሄ ዘወትር የሚነበበው እንደ ች ነው። ሆኖም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ሳድስ ፊደልን ይመለከታል፤ በቃል መጨረሻ ላይ ሳድስ ሲጽፉ ምንም አናባቢ ሳያስከትሉ ያንብቡት። ሁለተኛው በአማርኛ ፊደል ገበታ ላይ ለብቻው ምልክት የሌለውን የአፍንጫ ድምፅ ይመለከታል፤ ለእርሱ ብሊንን (በኤርትራ የሚነገረውን የአገው ወገን ቋንቋ) በግእዝ ፊደል የሚጽፉ ሰዎች የሚገለገሉበትን የጘ ቤት ፊደል እንዋሳለን።

የመጀመሪያው ፈተና፦ የ ር አለመኖር

ነባር የማላይ ተነባቢዎች አሥራ ስምንት ናቸው፤ እነርሱም ፕ፣ ብ፣ ት፣ ድ፣ ች፣ ጅ፣ ክ፣ ግ፣ ም፣ ን፣ ኝ፣ ጝ፣ ስ፣ ህ፣ ር፣ ል፣ ው እና ይ ናቸው። ይህን ዝርዝር ደብተርዎ ላይ በአንድ ዓምድ ከጻፉ በኋላ በቅድሚያ የሚፈትሹት ር ይሁን፤ ምክንያቱም ከዳያንን ከብሩናይ ማላይ በግልጽ የሚለየው ይህ ድምፅ በቃል መነሻ ላይ አለመገኘቱ ነው። በብሩናይ ማላይ ቤት ሩማህ ሲባል በከዳያን ግን ኡማህ ይባላል።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት በጎደለው ድምፅ ቦታ ሌላ ነገር ለመተካት መሞከር ነው፤ አንዳንዱ ል ያስገባል፣ አንዳንዱ ር ደካማ ሆና እንዳለች አስቦ ምላሱን ያንቀሳቅሳል። ምንም አያስፈልግም፤ ቃሉ በቀጥታ በአናባቢ ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይ ያለው ህ ግን ሳይጎድል ይሰማል። በቃል መካከልና መጨረሻ ላይ ያለውን ሁኔታ ከማላይ አጻጻፍ ተነሥተው አይገምቱ። በመደበኛው ማላይ ር የሚገኝባቸውን ቃላት በመነሻ፣ በመካከልና በመድረሻ ከፍለው ያዘጋጁና ተናጋሪዎ እያንዳንዱን በራሱ ቋንቋ እንዲነግርዎ ይጠይቁ፤ የሰሙትን እንደ ሰሙት ይጻፉ፤ አናባቢው ረዝሞ እንደሆነ፣ ህ ገብቶ እንደሆነ ወይም ሁለት አናባቢዎች ጎን ለጎን ቀርተው እንደሆነ በምልክት ያመልክቱ። ጥያቄውን ሲያቀርቡ የማላዩን ቃል ጮኸው ባያነቡ ይመረጣል፤ ተናጋሪው ከትሕትና የተነሣ የእርስዎን አነጋገር ሊደግም ይችላልና ነገሩን በሥዕል ወይም በጣት በማመልከት ይጠይቁ።

ፕ፣ ት፣ ክ እና ነዛሪ ጓደኞቻቸው

ፕ፣ ት እና ክ በማላይ ቤተሰብ ቋንቋዎች ያለ ትንፋሽ ግፊት ይነገራሉ። በአማርኛ ት እና ክ፣ በተለይ በቃል መነሻ ላይ፣ መጠነኛ የትንፋሽ ግፊት ይከተላቸዋል፤ መዳፍዎን ከከንፈርዎ ፊት አቅርበው «ተራራ» ወይም «ከበደ» ቢሉ ይሰማዎታል። ቱዋ (ሽማግሌ፣ አሮጌ) እና ካሊ (ጊዜ፣ ዙር) ሲሉ ግን መዳፉ ላይ ምንም ነፋስ መድረስ የለበትም። የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ትንፋሹን ቀንስ የተባለ አማርኛ ተናጋሪ ጉሮሮውን ዘግቶ ወደ ጥ እና ቅ ይሄዳል። ከዳያንም ሆነ ማላይ ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጵ እና ጽን የመሳሰሉ ፈንጂ ድምፆች የላቸውም፤ ስለዚህ ጉሮሮው ክፍት፣ ትንፋሹ ደግሞ ቀስ ያለ ይሁን። ለመለማመድ «ስታ፣ ስካ፣ ስፓ» የሚሉትን ክፍለ ቃላት ደጋግመው ካሉ በኋላ ስ የሚለውን በዝምታ ይተኩት፤ ከስ በኋላ የሚመጣ ት ወይም ክ በተፈጥሮው ትንፋሹ ያነሰ ስለሆነ አፍዎ ትክክለኛውን አቀማመጥ ከዚያ ያገኛል። ት ሲነገር የምላስ ጫፍ የላይኛውን ጥርስ ይነካል፤ ድ ሲነገር ግን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ ድዱ ያፈገፍጋል።

ፕ ለብቻዋ ትኩረት ትሻለች። በአማርኛ በውሰት ቃላት ብቻ የምትገኝ በመሆኗ ብዙ ሰው «ፖሊስ» የሚለውን «ቦሊስ» ይለዋል። በማላይ ግን ፓጊ ጧት ማለት ሲሆን ባጊ ደግሞ «ለ» ወይም «መስጠት» ማለት ነው፤ ሁለቱን ያልለየ ሰው በዕለት ተዕለት ሰላምታ ላይ ሳይቀር ይደናቀፋል። ካሊ እና ጋሊ (መቆፈር)፣ ቱዋ እና ዱዋ (ሁለት) በተመሳሳይ መንገድ ነዛሪውን (በጉሮሮ ንዝረት የሚወጣውን) ድምፅና ነዛሪ ያልሆነውን ለመለየት ይረዳሉ።

ብዙ መማሪያ የማይነግርዎ፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ነጥብ የ ብ ጉዳይ ነው። አማርኛ ላልቶ በሁለት አናባቢዎች መካከል የሚገኝ ብን ከንፈር ሳይገጥም ያሳልፈዋል፤ «አበባ» ሲሉ መጨረሻ ላይ ያለውን ባ ልብ ብለው ይመልከቱት፤ ከንፈሮቹ ይቀራረባሉ እንጂ አይዘጉም። ይህን ልማድ ይዘው ኡቢ (ሥራ ሥር) ወይም አቡ (አመድ) ሲሉ ለአድማጭ ው የምትመስል ድምፅ ያሰማሉ። መስታወት ፊት ቆመው ከንፈሮችዎ ሙሉ በሙሉ መግጠማቸውን እያዩ ቃላቱን ይድገሙ። ነገር ግን ከንፈሩን ለመግጠም ሲሉ ድምፁን አያጥብቁት፤ አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ተነባቢ ስለሚለይ አፋችን በቀላሉ ወደ ማጥበቅ ይሄዳል፣ እዚህ ግን መጥበቅ ትርጉም አይለይምና ሁሉም ተነባቢ ላልቶ ይነገራል።

የአፍንጫ ድምፆች

የቋንቋው መልክ የሚታየው በእነዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜዎን ሳይሳሱ ያውሉባቸው። አራት ናቸው፤ ም በከንፈር፣ ን በምላስ ጫፍ፣ ኝ በምላስ መሐል፣ ጝ ደግሞ በምላስ ጀርባ ይወጣሉ።

ጝን ለማግኘት «ሰንጋ» ይበሉ። በዚህ ቃል ውስጥ ን ተብሎ የተጻፈው ድምፅ በእውነቱ በምላስ ጫፍ አይነገርም፤ የሚከተለውን ግ ስለሚጠብቅ የምላስ ጀርባ ከላንቃው የኋላ ክፍል ጋር ቀድሞ ይገጥማል። አሁን ቃሉን በዝግታ ይጀምሩና ግ ከመውጣቷ በፊት ይቁሙ፤ ድምፁን በአፍንጫ እንደያዙ ይቆዩ። ያ ጝ ነው። ከዚያ ላይ ሆነው «ግ»ን ሳያሰሙ በቀጥታ ወደ አናባቢው ይለፉ፤ «ሰጛ» የሚል ቃል ያገኛሉ። አገውኛ የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ድምፅ ከቤታቸው ይዘውት ስለሚመጡ ልምምዱ አያስፈልጋቸውም።

በቃል መካከል ቡጛ (አበባ)፣ አጚን (ነፋስ)፣ ላጚት (ሰማይ) እና ባጙን (መንቃት) ይለማመዱ። እዚህ ላይ ዋናው አደጋ «ግ»ን መጨመር ነው፤ ምክንያቱም ቋንቋው ጝን ብቻዋንና ጝን ከግ ጋር ለይቶ ይጠቀማል። ታጛን እጅ ነው፤ ታንጋ ደግሞ፣ የአማርኛውን «ሰንጋ» በሚመስል አነጋገር ሲነገር፣ መሰላል ነው። የላቲኑ አጻጻፍ የመጀመሪያውን በአንድ «ጂ»፣ ሁለተኛውን በሁለት «ጂ» ይለየዋል፤ ጆሮዎ እስኪጠና ድረስ ግን አጻጻፉን ሳያዩ ቢሠሩ ይሻላል።

በቃል መነሻ ላይ ያለው ጝ ለብዙዎች የሚከብድ ነው። ጛጛ ማለት አፍ ከፍቶ መቆየት ሲሆን፣ ጚሉ ጥርስ ወይም አጥንት ሲያንገጫግጭ የሚሰማውን ስሜት ይገልጻል። በጋምቤላ የሚነገሩት ኑዌርኛና አኙዋክኛ ይህንኑ ድምፅ በቃል መነሻ ላይ ስለሚጠቀሙ የእነርሱን ተናጋሪ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ከአጠገቡ ሰምቶ መለማመድ ይችላል። ለብቻዎ ሲሠሩ «ሰጛ» የሚለውን ደጋግመው ከተናገሩ በኋላ «ሰ»ን በልብዎ ብቻ ይበሉ፤ «ጛ»ን ደግሞ ጮኸው ያውጡ።

ኝ በአማርኛ ብትኖርም ቦታዋ የተወሰነ ነው። «እኛ» እና «ዳኛ» በሚሉት ውስጥ ትጠብቃለች፤ በቃል መነሻ ላይ ደግሞ አትታይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ታኛ (መጠየቅ) እና ባኛክ (ብዙ) ሲሉ አላልተው ይበሉ፤ ኛሙክ (ወባ ትንኝ) እና ኛዋ (ነፍስ) ሲሉ ደግሞ «እ» ከፊት አያስገቡ።

ኝ እና ጝ በቃል መነሻ የሚበዙበት ሰዋስዋዊ ምክንያትም አለ። በማላይ ግስ ላይ የአፍንጫ ድምፅ ያለው ቅድመ ቅጥያ ሲገባ የግሱን የመጀመሪያ ድምፅ ይውጠዋል፤ ፕ ወደ ም፣ ት ወደ ን፣ ስ ወደ ኝ፣ ክ ወደ ጝ ይለወጣሉ። ሳፑ (መጥረግ) በመደበኛው ማላይ መኛፑ፣ ቱሊስ (መጻፍ) ደግሞ መኑሊስ ይሆናል፤ በብሩናይ አካባቢ የቅጥያው አናባቢ ወደ ማ ያዘነብላል። ይህን የተገነዘበ ተማሪ በመዝገበ ቃላት ያጣውን ቃል ከየትኛው ፊደል ሥር እንደሚፈልገው ያውቃል።

የቃል መጨረሻ

ሦስት ቃላትን ጎን ለጎን ይጻፉ፦ ፓዳን (ተስማሚ)፣ ፓዳም (የጠፋ እሳት ወይም መብራት)፣ ፓዳጝ (ሜዳ)። ከመጨረሻው ድምፅ በስተቀር ፍጹም አንድ ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በቀላሉ ሲለይ ሦስተኛውን ወይ ከን ጋር ያምታታዋል፣ ወይ መጨረሻው ላይ ግ ጨምሮ «ፓዳንግ» ይለዋል። ተናጋሪዎ ሦስቱን በዘፈቀደ ቅደም ተከተል እንዲላቸው ያድርጉ፤ እርስዎ ደግሞ ሳይናገሩ በጣት ያመልክቱ። ጆሮዎ ሳይለይ አፍዎን ማድከም ዋጋ የለውም። ተጨማሪ ቃላት ከፈለጉ ቡላን (ጨረቃ)፣ ማላም (ሌሊት) እና ቱላጝ (አጥንት) ያገለግላሉ።

ፕ እና ት በቃል መጨረሻ ላይ ሲመጡ አፍ ይዘጋል፣ ግን ተመልሶ ሲከፈት ድምፅ አይሰማም። አታፕ (ጣሪያ) ሲሉ ከንፈርዎ ገጥሞ ይቅር፤ ኪላት (መብረቅ) ሲሉ ምላስዎ ከጥርስዎ ላይ ይቆይ። እኛ በአማርኛ «ቤት» ስንል መጨረሻ ላይ ትንሽ ትንፋሽ ማስወጣት ስለለመድን ይህ ዝምታ በመጀመሪያ የጎደለ ነገር ያለ ያስመስላል። የቃል መጨረሻ ክ ደግሞ ለየት ባለ ጥንቃቄ ይታይ፤ በመደበኛው ማላይ ብዙ ጊዜ በጉሮሮ መዝጋት ብቻ ስለሚተካ አናክ (ልጅ) የሚለውን ሲያስቀዱ የምላስ ጀርባ ይነካ እንደሆነ ወይም ጉሮሮ ብቻ ይዘጋ እንደሆነ ከበርካታ ሰዎች ሰምተው ይመዝግቡ።

የመጨረሻ ህ የአማርኛ ተናጋሪ ሀብት ነው። ባዋ ማምጣት ወይም መያዝ ሲሆን ባዋህ ደግሞ ሥር፣ ታች ማለት ነው። ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ይህን ልዩነት ለመስማት ብዙ ሲደክሙ እኛ ግን «ጌታ» እና «ጌታህ» በማለት ቀኑን ሙሉ እንለየዋለን፤ በዚያው አኳኋን ይናገሩት።

የቀሩት ድምፆች ብዙ አያስቸግሩም። ች እና ጅ፣ ስ፣ ል፣ ው እና ይ ከአማርኛው ጋር በጣም ይመሳሰላሉ፤ ቹቺ (ማጠብ)፣ ጃላን (መንገድ)፣ ሊማ (አምስት)፣ አያም (ዶሮ) እያሉ ጥቂት ጊዜ መድገም ይበቃል።

ቀድቶ መመርመር

ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ስልኩን ከተናጋሪው አፍ ጥቂት ወደ ጎን አድርገው፣ ድምፁን በማይጨምቅ የፋይል ዓይነት ይቅዱ። እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ለብቻው፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ በአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል እንዲናገረው ይጠይቁ፤ ለብቻው የተነገረ ቃል መጨረሻው ይጎላል፣ በንግግር መሐል ግን ትክክለኛ መልኩን ይይዛል።

ቅጂውን በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፖል ቡርስማና ዴቪድ ዌኒንክ ባዘጋጁት፣ በነጻ በሚገኘው ፕራት በተባለው ፕሮግራም ይክፈቱ። ፓጊ እና ባጊን ያነጻጽሩ፤ ፕሮግራሙ በሚያሳየው የድምፅ ሥዕል (ስፔክትሮግራም) ላይ፣ በባጊ ከንፈሩ ከመከፈቱ በፊት ከሥዕሉ ግርጌ ጥቁር የንዝረት መስመር ይታያል፣ በፓጊ ግን ዝምታ፣ ከዚያ አጭር ፍንዳታ፣ ወዲያውም አናባቢው ይከተላል። ከዚያ የራስዎን ድምፅ በተመሳሳይ ቃል ይቅዱና ከታች ያስቀምጡት። ከፍንዳታው በኋላ ሰፊ የትንፋሽ ጭጋግ ካዩ ትንፋሽዎ በዝቷል ማለት ነው። በኡቢ መካከል ደግሞ የሥዕሉ ጥቁረት ሳይቋረጥ ከቀጠለ ከንፈርዎ አልገጠመም።

በመጨረሻ ቦታ ይለዋወጡ። ፓዳን፣ ፓዳም፣ ፓዳጝ፤ ባዋ፣ ባዋህ፤ ታጛን፣ ታንጋ፤ ፓጊ፣ ባጊ የሚሉትን እርስዎ በዘፈቀደ ይናገሩ፤ ተናጋሪው የሰማውን ትርጉም በሥዕል ላይ ያመልክት። ያለማመንታት የለያቸውን ጥንዶች ከዝርዝርዎ ያውጡ፤ ያመነታባቸውን ደግሞ ከቅጂው ጋር አንድ ላይ ለቀጣዩ ቀጠሮ ያቆዩ።